መብራት ሲጠፋ ሥራችሁ የት ነው? ለፍሪላንስ ዲዛይነር የሚሆኑ የዕለት መሣሪያዎች

(ደብረ ብርሃን ውስጥ ለተሰበሰቡ ጀማሪ ዲዛይነሮችና ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። በአፍ የደጋገምኩትን አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎችም ሁለቱን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ስለ ሶፍትዌር ለመስማት ከቤት መውጣታችሁ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ አውቃችኋል።

ሰው ዲዛይነር መሆኔን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ፎቶሾፕ ይሻላል ወይስ ፊግማ?» ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። እኔ ግን አንድ ሶፍትዌር ሥራዬ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ሌላ ነገር ነው የማጣራው። መብራት ቢጠፋ፣ ዳታ ቢቆረጥ፣ አካውንቴ ቢዘጋብኝ፣ ሥራዬ የት ነው የሚገኘው? ላፕቶፔ ላይ ነው? ወይስ የማላውቀው አገር ያለ ሰርቨር ላይ?

ይህን የምለው ለማካበድ አይደለም። ያለነው ሰሜን ሸዋ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ሥራቸው ሁሉ ብራውዘር ውስጥ የነበረ ልጆች በጣም ተቸገሩ። የራሱን ፋይል ለማውረድ ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባ አውቃለሁ። ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ የነበረው ሰው ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብሎ ጨረሰ፣ ፍላሽ ላይ ጫነ፣ በሚኒባስ ላከ።

ስለዚህ ዛሬ የምጠራቸውን ሶፍትዌሮች በሙሉ በዚህ ጥያቄ ነው የምፈትናቸው። አንዳንዱ በጣም ቆንጆ ሆኖ ይወድቃል። አንዳንዱ መልኩ አያምርም፣ ግን ጉድ አያደርግም።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር አንድ ሥራ ይዤ ልሂድ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ እዚያ ቆሎ ሳይገዛ እንደማያልፍ ታውቃላችሁ። እሳቸው በመኪና መስኮት መሸጡ ሰለቻቸውና ሱፐርማርኬት የሚገባ ማሸጊያ ፈለጉ። ሎጎ፣ የከረጢት ስቲከር፣ ሱቁ ላይ የሚሰቀል ባነር፣ ለቴሌግራም ቻናል የሚሆኑ ፖስቶች። ትንሽ ሥራ ይመስላል። የዲዛይነር ጣጣ ግን ሙሉው እዚህ ውስጥ አለ።

ከሎጎው ልጀምር። ሎጎ ቬክተር መሆን አለበት። ማለትም በፒክሰል ሳይሆን በመስመርና በነጥብ የተሠራ፣ ስቲከር ላይም ባነር ላይም ቢሄድ የማይደበዝዝ። እኔ ሎጎ የምሠራው ኢንክስኬፕ ላይ ነው። ኢንክስኬፕ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አካውንት ክፈቱ አይላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የተጀመረው፤ 1.0 የሚባለው ስሪት የወጣው ግን በ2020 ነው። አስቡት፣ 17 ዓመት ሙሉ «ገና ነኝ» ሲል ኖሯል። መልኩ አሁንም ትንሽ ያረጀ ነው፤ ከባድ ፋይል ላይም ያቃስታል። ግን ሴቭ የሚያደርገው በኤስቪጂ ነው። ኤስቪጂ ደግሞ የማንም ኩባንያ ንብረት ያልሆነ ክፍት ፎርማት ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ብትከፍቱት እንኳ የሚነበብ ጽሑፍ ታያላችሁ፤ የቀለሙ ኮድ፣ የመስመሩ ልኬት፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። ከዓመታት በኋላ ኢንክስኬፕ ራሱ ባይኖር ሌላ ፕሮግራም ይከፍተዋል። በእኔ ሚዛን ይህ ከማንኛውም የሚያብረቀርቅ ፊቸር ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን አይችልም። ለማተሚያ ቤት የሚሆን ሲኤምዋይኬ (አራቱ የኅትመት ቀለሞች) ያለው ፒዲኤፍ በቀጥታ አያወጣም። ለዚህ ኤስቪጂውን ወደ ስክራይበስ እወስደዋለሁ። እሱም ነፃ ነው፤ የኅትመት ፒዲኤፍ በደንብ ያወጣል። ሁለት ፕሮግራም መክፈት የሚሰለቸው ደግሞ አሁን አፊኒቲ አለለት። አፊኒቲን ካንቫ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ገዛው። በጥቅምት 2025 ደግሞ ፎቶውን፣ ቬክተሩንና የገጽ አቀማመጡን አንድ ፕሮግራም ውስጥ አድርጎ በነፃ ለቀቀው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ተጭኖ ነው የሚሠራው። ለማስጀመር ግን የካንቫ አካውንት ይጠይቃል፤ ሊነክስ ላይም የለም። እኔ እጠቀምበታለሁ። ግን ዛሬ ነፃ ያደረገው ባለቤት ነገ ሐሳቡን ሊለውጥ ስለሚችል፣ የሠራሁትን ሁሉ በኤስቪጂና በፒዲኤፍ ቅጂ ሳላስቀምጥ አልዘጋውም።

ፊግማስ? ፊግማ የአፕና የዌብሳይት ገጽ ለሚሠራ ሰው አቻ የለውም፤ ይህን መካድ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ የሙያውን አሠራር ቀይሮታል። አዶቢ በ2022 በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማምቶ፣ የአውሮፓና የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ስላልተዋጠላቸው በ2023 መጨረሻ ስምምነቱ ፈረሰ። የውጭ ደንበኛ የሚፈልግ ሰው ፊግማን ማወቅ ግዴታው ነው፤ ደንበኛው ሊንክ ነው የሚልክለት።

ወደ ጥያቄዬ ስመልሰው ግን ግማሽ ነጥብ ነው የሚያገኘው። የተከፈተ ፋይል ላይ እየሠራችሁ ኔትዎርክ ቢሄድ ችግር የለም፤ ትቀጥላላችሁ፣ ሲመጣ ራሱ ያስተካክለዋል። ያልተከፈተ ፋይል ግን ያለ ኔትዎርክ አይከፈትም። ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ ማውረድ ይቻላል፤ ያንን ቅጂ መልሶ ለመክፈት ግን እንደገና ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔ ጠዋት ኔትዎርክ ሲኖር የዕለቱን ፋይሎች ከፍቼ አስቀምጣለሁ። ማታ ሳልዘጋ ዋና ዋናዎቹን ገጾች በፒዲኤፍና በኤስቪጂ አወጣለሁ። ከባዕድ ሰርቨር መላቀቅ ለሚፈልግ ፔንፖት የሚባል አለ፤ ክፍት ምንጭ ነው (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ)፣ የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሰርቨር ልትጭኑት ትችላላችሁ። ለአንድ ሰው ሥራ ግን ጣጣው ይበዛል። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ቢሮ ተከራይታችሁ የምትሠሩ ካላችሁ አስቡበት።

የፎቶ ሥራ ላይ ብዙ አልቆይም። የቆሎውን ፎቶ ለማጽዳት ጊምፕ ይበቃል። በ2025 የወጣው ስሪት 3 ከቀድሞው በብዙ ይሻላል፤ ፊልተሩን ከጨመራችሁ በኋላም ተመልሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ደንበኛ የፎቶሾፕ ፋይል ከላከ ደግሞ ፎቶፒ። ፎቶፒ ብራውዘር ውስጥ ነው የሚከፈተው። ፋይላችሁን ግን ወደ የትም አይልከውም፤ ሥራው ሁሉ የሚካሄደው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው። አንዴ ገጹ ከተከፈተ ዳታ ቢጠፋ እንኳ ይቀጥላል። ማስታወቂያው ያናድዳል፤ ቻል አድርጉት።

እዚህ ላይ ስለ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ ስለሚጫን ሶፍትዌር፣ ሳልናገር ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። እውነቱን እናውራ፤ በየኮምፒውተር ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ ያለው ፎቶሾፕና ኮረልድሮው አብዛኛው ክራክ ነው። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ፕሮግራሞቹን በወርሃዊ ክፍያ ብቻ ማድረግ ከጀመረ ወዲህ፣ ደመወዙ በብር ለሆነ ሰው ክፍያው የሚቀመስ አይደለም። ይህን ስለማውቅ ማንንም ለመስደብ አልመጣሁም። ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ክራኩን የሚጭንላችሁ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። የደንበኛችሁን ፋይል፣ የባንክ አፓችሁን፣ የቴሌግራም አካውንታችሁን በያዘ ማሽን ላይ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የውጭ ደንበኛ በውሉ ላይ ሕጋዊ ሶፍትዌር መጠቀማችሁን ሊጠይቅ ይችላል። «አዎ» ብሎ መፈረም ሳይጨንቃችሁ የምትችሉት እነዚህን ነፃ መሣሪያዎች ከለመዳችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት እንምጣ። ፊደል።

የስቲከሩን ጽሑፍ የቆሎ ሻጯ የእትዬ ልጅ ኮምፒውተር ቤት አስጽፎ በወርድ ፋይል ላከልኝ። ስከፍተው አማርኛ ነው። ኮፒ አድርጌ ኢንክስኬፕ ውስጥ ስለጥፈው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ጋጋታ ሆነ። ይህ ያልገጠመው ዲዛይነር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። የለም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ኮድ የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ኮድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል ቅርጽ የላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ዓይናችሁ «ቆሎ» ያያል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የሆነ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱ እስካለ ድረስ አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱ ሲቀየር ጉዱ ይወጣል። እነዚያ አሮጌ ፎንቶች እስካሁን ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ በሥራ ላይ ናቸው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀይሩት። አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፣ ደህና ነው። ከተበላሸ አሮጌ ነው። ጽሑፉ አጭር ከሆነ መቀየሪያ ፕሮግራም ስትፈልጉ ከምትውሉ እንደገና ጻፉት። ለመጻፍ ኪማን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የአማርኛ ኪቦርዱን ትጭኑበታላችሁ፣ በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ ይሠራል። ኢንተርኔትም አይጠይቅም።

ፎንት ስትመርጡ ደግሞ ከዊንዶውስ በሚገኘው ኒያላ ብቻ አትታሰሩ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭኑ እስከ ደማቁ 9 ዓይነት ውፍረት አለው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው፣ ርዕስን ከዝርዝር የምትለዩት በመጠንና በውፍረት ነው። ስለዚህ ውፍረቱ የበዛ ፎንት ለአማርኛ ዲዛይነር ሀብት ነው። ባህላዊ መልክ ሲፈለግ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አለላችሁ። ሦስቱም ለንግድ ሥራ ቢውሉ ክፍያ የማይጠይቁ ናቸው። ዛሬ አውርዳችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኗቸው፤ በተፈለጉ ጊዜ ከኢንተርኔት ለማምጣት አትጠብቁ።

ቀጥሎ የመስመር ክፍተት። ሶፍትዌሮቹ ሁሉ የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። ፊግማ ክፍተቱን «አውቶ» ብሎ ሲያስቀምጥላችሁ አትመኑት። የ«ሟ» እና የ«ሯ» እግር ከታች ካለው የ«ኘ» እና የ«ቸ» ቆብ ጋር ይላተማል። እኔ ለረዘም ያለ ጽሑፍ ከፊደሉ መጠን አንድ ተኩል እጥፍ በታች አልወርድም። ኢታሊክ የሚባለውን ቁልፍ ደግሞ እርሱት። ለግዕዝ ፊደል ኢታሊክ ተብሎ የተሳለ ነገር ስለሌለ፣ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ፊደሉን ያጋድለዋል። አጋድሎ የቆመ «መ» የሚያምርበት አጋጣሚ እስካሁን አላየሁም።

ሥርዓተ ነጥብም አለ። አራት ነጥብ በኪቦርዱ ላይ ያጣ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፣ ወይም ኮለን ሁለቴ። ትንሽ ጽሑፍ ላይ ላያስታውቅ ይችላል። ባነር ላይ ግን ክፍተቱ ከሩቅ ይታያል። ከደንበኛ የመጣ ጽሑፍ ሁሉ ላይ መጀመሪያ የማደርገው በፈልግና ተካ ይህንን ማስተካከል ነው። የሰው ስምና የድርጅት ስም ደግሞ ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለ ይጻፍ። «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበውን በ«ጸሀይ» ብታትሙት፣ የሚመለስባችሁ የታተመው ስቲከር ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እዚሁ ላይ ልጨርሰው። ምስል የሚፈጥሩት መሣሪያዎች ፊደላችንን ጻፉ ሲባሉ ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ፊደል የሚመስል ነገር ነው። ከሩቅ አማርኛ ነው፤ ቀርባችሁ ስታዩት የማንም ቋንቋ አይደለም። እንዲህ ያለ ፖስተር አስፋልት ዳር ተሰቅሎ አይቻለሁ። ጀርባውን ምስል ከፈለጋችሁ በእነሱ ሥሩ። ፊደሉን ግን በፎንት ራሳችሁ ጻፉ።

ወደ ማተሚያው እንሂድ። ማተሚያ ቤቱ የእናንተ ፎንት የለውም። ስለዚህ ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት፤ በኢንክስኬፕ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ አንድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ሥዕል ስለሚሆን ማንም ፎንት አይጠይቅም። ጽሑፉን ማረምም ግን አይቻልም። ስለዚህ ቅርጽ የሆነውን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ። ለስቲከር በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቀለም ጨምሩ፤ ቢላው ትንሽ ቢስት ነጭ ጠርዝ እንዳይታይ። ፎቶው በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ይሁን። ባነር ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ ያን ያህል አይፈልግም። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ደግሞ ወረቀት ላይ እንደሚደበዝዝ ለደንበኛው ቀድማችሁ ንገሩ። እትዬ «ቀለሙ እንደ ስልኩ አይሆንም እንዴ?» ሲሉኝ፣ በቢሮ ፕሪንተር አንድ ናሙና አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከማስረዳት ይሻላል።

ስለ ፋይል መላላክ አንድ ነገር። እኛ አገር ቢሮው ቴሌግራም ነው። እኔም አልቃወመውም፤ በነፃው አካውንት እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይልካል። ችግሩ ሰው ሎጎውን እንደ ፎቶ መላኩ ነው። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ነው የሚያሳልፈው። የተላከው ፎቶ ይወርዳል፣ እንደገና ይላካል፣ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ጠርዙ ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። እትዬም የድሮ ሎጎአቸውን እንዲሁ ነበር የላኩልኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ደብዝዟል። ዋናውን ይላኩልኝ።»

«የኔ ልጅ፣ ያው ልኬልህ የለም እንዴ?»

«እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው እትዬ። ክሊፕ የምትመስለውን ይንኩ፣ ከዚያ ፋይል የሚለውን ይምረጡ፣ ከዚያ ጋለሪ ውስጥ ይግቡ።»

ይህችን መመሪያ ስክሪንሾት አንስቼ፣ ቀስት ስዬባት፣ ለደንበኛ ሁሉ ከመጀመሪያው መልእክት ጋር እልካታለሁ። ስንት ክርክር እንዳስቀረችልኝ! ዳታ እንዳያስወጣቸው ለማሳያ ብቻ የምልከውን ምስል ደግሞ በስኩሽ አቀለዋለሁ። ስኩሽ ብራውዘር ውስጥ የሚሠራ የጉግል ልጆች የሠሩት መጭመቂያ ነው። ምስሉን ወደ የትም አይልክም፤ ከመጨመቁ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ያሳያችኋል።

ፋይል ማስቀመጥ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ጉግል ድራይቭ ላይ አለ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ነፃው 15 ጊጋባይት ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር የሚካፈል ነው፤ ለዲዛይነር ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ ኢሜይላችሁም መቀበል ያቆማል። ደግሞም ኔትዎርክ ከሌለ የለም። እኔ የምመክረው ሲንክቲንግን ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ፣ የመረጣችሁትን ፎልደር ራሱ እኩል ያደርግላችኋል። መሐል ላይ ሰርቨር የለም፣ ክፍያ የለም። ዋይፋዩ ኢንተርኔት ባይኖረው እንኳ ይሠራል። ዳታ የሌለው የስልክ ሆትስፖት ይበቃዋል። አሮጌ ላፕቶፕ ጥግ ላይ አስቀምጡና በሲንክቲንግ አገናኙት፤ እያንዳንዱ ሴቭ ያደረጋችሁት ፋይል እዚያ ይደርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። እዚህ የጠፋ ፋይል እዚያም ይጠፋል፤ እኩል ማድረግ ማለት ያ ነው። ስለዚህ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የቀድሞ ቅጂዎችን እንዲያስቀር አድርጉት። ከዚህ ሌላ ሙያተኞች 3፣ 2፣ 1 የሚሉት ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ሌላ ቦታ ማለት የግድ ክላውድ አይደለም። መሐል ሜዳ ቤተሰብ ያለው ሰው ለበዓል ሲሄድ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሄዶ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው ያ ሌላ ቦታ ነው። ሌባም፣ እሳትም፣ የተሰበረ ላፕቶፕም ሁለቱን በአንድ ቀን አያገኛቸውም።

የመብራቱን ነገር በአንድ አፍ ልጨርሰው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) መግዛት የማይችል ቢያንስ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዞ አይሥራ። ኢንክስኬፕ ላይ ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ የሚያዘው ቅንብር አለ፤ ደቂቃውን አሳጥሩት።

ትንንሾቹን በፍጥነት ላንሳ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የዊንዶውስን ቁልፍና የቪ (V) ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ኮፒ ያደረጋችኋቸውን የመጨረሻ 25 ነገሮች ያመጣላችኋል። ፓወርቶይስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ ጫኑ፤ ስክሪን ላይ ካለ ከየትኛውም ነጥብ ቀለም ይለቅማል፣ የመቶ ፋይል ስም በአንድ ጊዜ ይቀይራል። ኤቭሪቲንግ የሚባለው መፈለጊያ ደግሞ የፋይሉን ስም ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ያገኘዋል። ያ ግን ስሙን በወጉ ለሚያወጣ ሰው ነው። «ፋይናል»፣ «ፋይናል አዲሱ»፣ «ፋይናል የመጨረሻው» እያለ ለሚሰይም ሰው ምንም ሶፍትዌር አያድነውም። ቀኑን አስቀድሙ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ ከዚያ የደንበኛው ስም፣ ከዚያ ሥራው። ራሱ በቅደም ተከተል ይደረደራል። የይለፍ ቃላችሁን ኪፓስኤክስሲ የሚባለው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ላይ አስቀምጡ፤ ፋይሉ እናንተው ጋ ነው የሚቀመጠው። የቴሌግራም ሁለተኛ ይለፍ ቃልን ዛሬ ማታ አብሩት። የደንበኛ ፋይል፣ ዋጋ ድርድር፣ የክፍያ ማስረጃ፣ ሁሉም እዚያ ነውና።

ለውጭ አገር የምትሠሩ ደግሞ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። እናንተ «ሦስት ሰዓት» ስትሉ ጠዋት ነው፤ እሱ የሚሰማው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሌላም አለ። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። የአውሮፓና የአሜሪካ ደንበኛ ግን በዓመት ሁለቴ ሰዓቱን ወደፊትና ወደኋላ ያደርጋል፤ ያውም ሁለቱ በአንድ ቀን አይደለም። ስለዚህ ሰዓት በጽሑፍ አትስማሙ። በጉግል ካሌንደር ግብዣ ላኩ፤ ለእያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ያሳየዋል።

ሥራ ላይ የጠፋውን ጊዜ ለመመዝገብ ክሎኪፋይ ወይም ቶግል አለ፤ ሁለቱም ነፃ ስሪት አላቸው። «እኔ የምሠራው በቁርጥ ዋጋ ነው፣ ምን ያደርግልኛል?» ትሉ ይሆናል። በቁርጥ ለሚሠራ ሰው ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። ጊዜያችሁን የበላው ሎጎውን መሳሉ ነው ወይስ «ቡናማውን ትንሽ ፈካ አድርገው» የሚለው ማስተካከያ? ሰዓቱን ስታዩ በሚቀጥለው ሥራ ዋጋ ውስጥ ስንት ማስተካከያ እንደሚካተት ጽፋችሁ ትስማማላችሁ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱ።

«ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ ዲዛይን መሥራት ይቻላል?»

ይቻላል፣ እስከ አንድ ደረጃ። ብዙዎቻችሁ ፒክሰልላብ እንደምትጠቀሙ አውቃለሁ። ጥሩ ነው፤ የራሳችሁን የአማርኛ ፎንት ትጭኑበታላችሁ፣ ለቴሌግራም ፖስት በቂ ነው። የቆሎው ፖስትም በዚያ ሊሠራ ይችል ነበር። ሎጎ ግን አትሥሩበት፤ የሚወጣው ፒክሰል ስለሆነ ባነር ላይ ሲሰፋ ይፈርሳል። የፊግማ የስልክ አፕም ለማየትና አስተያየት ለመስጠት ነው እንጂ ለሥራ አይመችም። ሐሳቡን ስልክ ላይ ሞክሩት፣ ሎጎውን ኮምፒውተር ላይ ሣሉት።

«ኮምፒውተሩስ ከየት ይመጣል?»

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ አለ አይደል? እዚያ ሶፍትዌር መጫን እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ኢንክስኬፕ ግን ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚነሣ ፖርተብል ስሪት አለው። ፍላሹን ሰክታችሁ ትከፍታላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ ፋይሉም እዚያው ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ፎንቶቹን ግን ለብቻ ያዙ። እዚህ ላፕቶፔ ላይ ሁሉም አለ፤ ፍላሽ የያዘ ይምጣና ልገልብጥለት። ኢንክስኬፕ ነው፤ ለሰው ማካፈሉ በፈቃዱ የተፈቀደ ነው።